ሰባት ቀይ፣ አንድ ነጭ

«ምን ይደረጋል፣ ግማሽ ግማሽ ነበር እኮ። እድላችን አልቀና አለ።»

ይህን ያለችው ጠጂቱ ናት፤ ዓርብ ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ። ጠጂቱ ታች ሰፈር የምትኖር ወተት ሻጭ ናት። ልጇ ጎሊቻ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጧል። የምታወራው ከኋላዋ ለቆመችው ሴት እንጂ ለእኔ አልነበረም። ባልዲዋን በእግሯ ወደ ፊት እየገፋች፣ ዝናቡ ዘገየ እንደሚባለው ዓይነት፣ ማንንም ሳትወቅስ ነው ያለችው። እኔ ከእሷ አራት ሰው ቀድሜ ነበር የቆምኩት። ዞር ብዬ ሰላም ማለት ሲገባኝ ጀሪካኔን እንደ አዲስ ዕቃ እመረምር ጀመር። አይታኝ ኖሮ «ናጋ ቡልቴ፣ መምህርት?» ብላ በሰላም ማደሬን ጠየቀችኝ። «ናጋ» አልኳት፣ ሳላያት። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያንገበገበኝ አለማማረሯ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የረድኤት ድርጅት ለቀበሌያችን አንድ ቦታ ሰጠ፤ አዋሳ ሄዶ ለአንድ ዓመት የጤና ረዳትነት መማር፣ ምግቡም መኝታውም በነሱ፣ ሲመለሱም ሥራ። አንድ ቦታ፣ ሃያ አራት አመልካች። ከሃያ አራቱ ሦስቱ የላይ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ላይ ሰፈር ማለት እኛ የመንግሥት ሠራተኞችና ጥቂት ነጋዴዎች የምንኖርበት፣ ቆርቆሮው የማይዝገው ነው። ሃያ አንዱ የታች ሰፈር ናቸው፤ ታች ሰፈር ማለት ከከብት ገበያው ጀምሮ ቁልቁል የተዘረጋው የቀረው ሕዝብ ነው። እነዚህ ሁለት ሰፈሮች አንድ ዓመት በስኳር ራሽን ተጣልተው ድንጋይ ከተወራወሩ ወዲህ ሊቀመንበሩ ጓድ ቦሩ ሁሉንም ነገር ለሁለት መክፈል ጀምሯል። ምክሩን የሰጡት የከተማው ሽማግሌ አባ ጃርሶ ናቸው። «ቦረና ሁለት ጎሳ ነው፣ ሳቦና ጎና፤ ለሁለት ከከፈልከው ማንም አይጣላህም» አሉት፤ እውነትም የተጣላ የለም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት እጣው በሁለት ዙር እንዲሆን ተወሰነ። በመጀመሪያው ዙር ሰፈር ይለያል፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሁለት ጠጠር ገባ፣ ነጭ ለላይ ሰፈር፣ ቀይ ለታች ሰፈር። ነጩ ወጣ። ታች ሰፈር እጁን አራግፎ ቤቱ ገባ። በሦስቱ የላይ ሰፈር ልጆች መካከል ያለው ሁለተኛው ዙር ለዓርብ ከሰዓት ተቀጠረ። ከሦስቱ አንዷ ንግሥት ናት፣ የእኔ ልጅ።

ሐሙስ ዕለት እኔም አጨብጭቤአለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሴትዮ፣ ከሦስት አንድ የሚለውን ብቻ እያሰብኩ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ሌሊቱን ደህና ተኛሁ። ከእንቅልፌ የነቃሁት ቦኖው ጋ ነው ማለት ይቻላል። ጠጂቱ «ግማሽ ግማሽ» ስትል በልማድ ግማሹን ለሃያ አንድ አካፈልኩት፣ ሌላውን ግማሽ ለሦስት አካፈልኩት፣ ከዚያ በኋላ ነገሩን ከጭንቅላቴ ማውጣት አቃተኝ። ሁለቱንም ጀሪካን ሞልቼ ወደ ቤት ስሄድ ውሃው እግሬ ላይ ይፈስ ነበር።

ያን ቀን አሥረኛ ሐን የማስተምረው የአንደኛ ደረጃ እኩልታ ነበር። የትምህርት ዕቅዱ እንዲያ ይላል። ክፍል ከገባሁ በኋላ ግን ዕቅዱን ዘግቼ ለሙከራ ከማስቀምጣቸው ጣሳዎች ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። በአንዱ ሦስት የበቆሎ ፍሬ፣ በሌላው ሃያ አንድ ፍሬ ጨመርኩ። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ አሁንም በደንብ አላውቅም። ምናልባት ስህተቴን የሚያርምልኝ ሰው ፈልጌ ይሆናል፤ ልጆቹ ሌላ መልስ ቢያገኙ በሰላም ቤቴ እገባ ነበር። «አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መጀመሪያ ጣሳ ይመርጣል፣ ከዚያ ከመረጠው ጣሳ አንድ ፍሬ ያወጣል። የአንዲት ፍሬ የመውጣት ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው?» አልኳቸው። ከኋላ ያሉት አንድ ሃያ አራተኛ ብለው ጮኹ። ሁልጊዜም ከኋላ ያሉት ቶሎ ይመልሳሉ።

ሐረገወይን እጇን አወጣች። የታች ሰፈር ልጅ ናት፣ ቀስ ብላ የምታስብ፣ ካሰበች በኋላ የማትሳሳት። ሰሌዳው ጋ ወጥታ ጠመኔውን ለሁለት ሰበረችና ጀመረች። «መጀመሪያ ጣሳ ነው የምንመርጠው። ጣሳው ሁለት ስለሆነ አንድ ሁለተኛ። ትንሹ ጣሳ ከሆነ ፍሬው ሦስት ነው፤ አንድ ሦስተኛ። ሁለቱ ተከታትለው ስለሚሆኑ እናባዛለን። አንድ ሁለተኛ ሲባዛ በአንድ ሦስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ።» ጻፈችው፣ ከሥሩ አሰመረችበት። «ትልቁ ጣሳ ከሆነ ፍሬው ሃያ አንድ ነው። አንድ ሁለተኛ ሲባዛ በአንድ ሃያ አንደኛ፣ አንድ አርባ ሁለተኛ።» ይህንንም ጻፈችና ጠመኔውን ሳታስቀምጥ ቆመች። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ወንድሟ ከሃያ አንዱ አንዱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ይሄ በቆሎ ነው ወይስ ሰው?»

ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ሁለት ተማሪ ነበር፣ ስልሳ ሁለቱም ያየኝ ነበር። በቆሎ ነው ብል ያምኑኝ ነበር፤ መምህር ነኛ። «ሰው ነው» አልኳት። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። ደወል ሲደወል ፍሬዎቹን ለቅሜ ኪሴ ጨመርኩና ሰሌዳውን ሳላጠፋ ወጣሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በክር የተጠለፈ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ አለ። ያን ቀን ወንበሩ ሦስት ነበር፤ አራተኛው ላይ ንግሥት ከጎረቤት የተዋሰችው ቡናማ ሻንጣ ተቀምጧል። ከሦስት አንድ ብለናት ልጅቷ ሻንጣ ተውሳለች። ሰማያዊ ቀሚሷ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ባለቤቴ ገብረአምላክ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነው፤ ለምሳ ሲመጣ ሁልጊዜ እጁን ሁለት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዴ ለሥራው አንዴ ለምሳው፤ ሁለተኛውን ሲታጠብ ነገርኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ስድስተኛውንም አርባ ሁለተኛውንም ነገርኩት። ተቀመጠ፣ ጸለየ፣ ገንፎውን መብላት ጀመረ። ገብረአምላክ ሲናደድ አይናገርም፤ ይበላል። ግማሹን ከበላ በኋላ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ልክ ነሽ» አለ። «አንቺ በቁጥር ተሳስተሽ አታውቂም። ግን ዛሬ ይጣል። ሰኞ ጓድ ቦሩ ጋ ሄደሽ ንገሪው፤ ከርሞ በትክክለኛው መንገድ ይሆናል። ማን ይጎዳል?»

«ሃያ አንድ ሰው ይጎዳል።»

«አያውቁትም እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ። ከርሞ ብናገር ደግሞ ምንም አያስከፍለኝም፤ ከርሞ ንግሥት የለችበትም።»

ንግሥት ከበሩ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በማትሪክ ሌላውን ሁሉ ደህና አምጥታ በሒሳብ ዲ ስላገኘች ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ቀረች፤ የሒሳብ አስተማሪ ልጅ መሆኗን ከተማው በሙሉ ለሁለት ወር ሲስቅበት ከርሟል። ሚያዝያ ላይ ሒሳብን ብቻ ደግማ መፈተን ትችላለች፤ «ሞቼ እገኛለሁ» ብላኛለች። ወደ ውስጥ ገባችና ሻንጣውን ከወንበሩ አንስታ መሬት አስቀመጠችው።

«ሒሳብ አንዴ ጥሎኛል» አለች። «አሁን ደግሞ እዚሁ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሊጥለኝ ነው?»

ብዙ እናቶች በዚህ ጊዜ ልጃቸውን ያቅፋሉ፤ እኔ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ። ልጄን ከማንም በላይ እወዳታለሁ፣ አዋሳ ሄዳ ነጭ ጋዋን ለብሳ ማየትም ከምንም በላይ እፈልግ ነበር። አንድ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ስብርባሪውን የለቀመችው እሷ ናት። ሦስታችንም ተነስተን ወደ ቀበሌ ሄድን፤ ገብረአምላክ ከፊት፣ እኔ ከመካከል፣ ንግሥት ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ።

የቀበሌው አዳራሽ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ አሁንም በሞቃት ቀን የነቀዝ ሽታ ይሸታል። ለሦስት ልጅ እጣ ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ስደርስ ግን ታች ሰፈር በሙሉ እዚያ ነው፤ ከበሩ ውጭም ቆመዋል። ሐረገወይን ቤቷ ስትገባ ዝም አላለችም ማለት ነው። መፈክሩ ተብሎ ሲያበቃ ጓድ ቦሩ ጣሳውን አንስቶ ሦስት የተጠቀለለ ወረቀት ለሕዝቡ አሳየ። እጄን አወጣሁ።

ተነስቼ የተናገርኩት አጭር ነበር፤ ትናንት የተጣለው እጣ ልክ አይደለም፣ ሃያ አራቱም በአንድ ጣሳ ገብተው እንደገና ይጣል አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ።

«የወጣ እጣ አይመለስም፣ ጓድ ዘርፈሽ» አለ ጓድ ቦሩ። ሐቀኛ ሰው ነው፣ ጠጠሮቹንም ራሱ ነበር አጥቦ የጨመራቸው፤ ስለዚህ ሌባ የተባለ መስሎት ጆሮው ቀላ።

«ማንም አላጭበረበረም። ስህተቱ እጣው ከመጣሉ በፊት የገባ ነው» አልኩት።

የጨርቅ ነጋዴው ጣዲቻ ብድግ አለ። የሱ ልጅም ከሦስቱ አንዱ ነው። «ያንቺስ ልጅ የለችበትም እንዴ? ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በእውነት ግራ ገብቶት። ነገሩ የገረመው እሱን ብቻ አይደለም። ከኋላ «ለልጇ የተሻለ ቦታ አግኝታላት ነው» ሲሉ ሰማሁ፣ ሌላው «ስሟን ለማስጠራት ነው» አለ። ከሁሉ የባሰችው ግን ጠጂቱ ናት። ሴቶቹን አልፋ ወደ ፊት መጣችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«መምህርት፣ ትናንት ግማሹን ሰጥታችሁን ነበር። እኛ ግማሽ አግኝተን አናውቅም። ዛሬ እሱንም ልትወስጅብን ነው?»

ያን ጊዜ ሳቄም እንባዬም ነው የመጣው። ሁለቱንም ዋጥኩና «ጎሊቻ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት።

«ሃያ አንድ።»

«እንግዲህ ስሚኝ። ግማሹን ለእናንተ ሰጠን፤ እናንተ ግን ሃያ አንድ ሆናችሁ ነው የምትሻሙበት። ሌላውን ግማሽ እኛ ሦስት ሆነን ያዝነው። ይህ እጣ በየዓመቱ እንዲህ ቢጣል፣ በስሌቱ የእኔ ልጅ በስድስት ዓመት አንዴ ይደርሳታል። ጎሊቻ በአርባ ሁለት ዓመት አንዴ ነው። በስልሳ ሦስት ዓመቱ አዋሳ ሄዶ መርፌ መውጋት ይማራል።»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ጎሊቻ ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ጠጂቱ አልሳቀችም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሃያ አንድና አርባ ሁለትን እየደመረች ነበር። ደርሳበት ኖሮ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጠዋት ቦኖው ጋ ያልነበረው ቁጣ አሁን ፊቷ ላይ ነበር። ደስ አለኝ።

ጓድ ቦሩ ወደ አባ ጃርሶ ተመለከተ። አባ ጃርሶ በወጣትነታቸው የዱብሉቅ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ የኤላዎቹ፣ አባ ሄሬጋ ነበሩ፤ ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ ቆጥሮ የሚያስተናግደው ሰው ማለት ነው። ለሁለት መክፈልን ያመጡት እሳቸው ስለሆኑ ነገሩ በእሳቸው ላይ የተነሳ ይመስል ነበር። በትራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት አስነኩና «በአንድ ጣሳ አልቀላቅላቸውም» አሉ። «ሁለቱን ሰፈር አንድ ላይ ካፈሰስኳቸው ነገ በስኳሩ ይጋደላሉ። ሰላም ያገኘነው በሁለት ስለቆሙ ነው።»

«አባ ጃርሶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «ኤላው ጋ አንዱ ሦስት ላም ይዞ መጣ፣ ሌላው ሃያ አንድ ላም ይዞ መጣ። ገንዳውን እኩል ሰዓት ይሰጧቸዋል?»

«እንዴት ተደርጎ! ሁሉም ላም እስኪጠጣ ነው እንጂ።»

«ለምን ግማሽ ግማሽ አይሆንም?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ጣዲቻ ሊናገር ሲል በእጃቸው አስቆሙት። ከዚያ «ኤዬ፣ አዎ» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። «ለሁለት የሚከፈለው ሹመት ነው። ውሃ በከብቱ ልክ ነው። ይሄ የልጆቹ ነገር እንደ ውሃው ነው፣ እኔ እንደ ሹመት አየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።» በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በሰባ ስንት ዓመታቸው፣ እንዲህ አሉ። ከዚያ ደግሞ በትራቸውን ወደ እኔ ጠቆሙ። «ግን ሁለቱ ሰፈር ሁለት ሆነው ይቆያሉ። በሁለት ዙር ይሆናል። ማንም ልጅ ከማንም ልጅ እንዳያንስ አድርገሽ ቁጠሪልኝ፤ ካልቻልሽ የትናንቱ ይጸናል።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አንድ ጣሳ ብዬ ነው የመጣሁት። ጥጉ ላይ የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ ቆሟል፣ ትናንት ማታ የተጻፈበት ፊደል እንኳ አልጠፋም። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁትና ጠመኔ አነሳሁ። ስንቱን ተማሪ «ስትጨነቁ የማታውቁትን ኤክስ በሉት» ስል ኖሬአለሁ፤ ተራው የእኔ ሆነ።

«በመጀመሪያው ዙር ለላይ ሰፈር የሚገባው ዕድል ስንት እንደሆነ አላውቅም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ስለማላውቀው ኤክስ ብዬዋለሁ። ዕድሉ በሙሉ አንድ ነው። ከአንዱ ላይ ኤክስ ሲነሳ የቀረው የታች ሰፈር ነው። ኤክሱን ሦስት ልጆች ይካፈሉታል። የቀረውን ሃያ አንድ ልጆች ይካፈሉታል። የአንዱ ልጅ ድርሻ እዚህም እዚያም እኩል ይሁን ነው የምንለው።» ጻፍኩት፤ ኤክስ ሲካፈል ለሦስት፣ እኩል ይሆናል፣ አንድ ሲቀነስ ኤክስ፣ ሲካፈል ለሃያ አንድ። «አሁን በመስቀል እናባዛ። በግራ ሃያ አንድ ኤክስ። በቀኝ ሦስት ሲቀነስ ሦስት ኤክስ። ሦስት ኤክሱን ወደ ግራ እናሻግረው፣ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል፤ ሃያ አራት ኤክስ እኩል ይሆናል ሦስት። ሁለቱንም ለሃያ አራት ስናካፍል...» እጄ ቆመ። ቁጥሩ እንዲህ ያምራል ብዬ አልጠበቅሁም። «ኤክስ አንድ ስምንተኛ ነው። አባ ጃርሶ፣ ስምንት ጠጠር ይግባ። አንዱ ነጭ፣ ሰባቱ ቀይ።»

ከሥሩ ማረጋገጫውን ጻፍኩላቸው። ከስምንት አንድ፣ ከዚያ ከሦስት አንድ፤ አንድ ሃያ አራተኛ። ከስምንት ሰባት፣ ከዚያ ከሃያ አንድ አንድ፤ ሰባት ሲካፈል ለመቶ ስልሳ ስምንት፣ ሲቀል አንድ ሃያ አራተኛ። የገባቸው ጥቂቶች ናቸው። ለሌላው የገባው አባ ጃርሶ ጎንበስ ብለው ጣቶቻቸውን ሲቆጥሩ ቆይተው «ለሦስት ላም አንድ ገንዳ፣ ለሃያ አንድ ላም ሰባት ገንዳ። ልክ ነው» ሲሉ ነው። ጣዲቻ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ሐሳቡን ለውጦ ቆሞ ቀረ።

ልጆች ሮጠው ከግቢው ቀይ ጠጠር አመጡ። ጓድ ቦሩ እየቆጠረ፣ እያሳየ ጨመረ። ንግሥትን ፈልጌ አየኋት፤ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች፣ ሰሌዳውን እንጂ እኔን አታይም። አባ ጃርሶ በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፍነው እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ከተቱ።

ቀይ ወጣ።

ታች ሰፈር ገና ሳይጮህ ንግሥት ተነሳች። በሰዎቹ መካከል አልፋ ጠረጴዛው ጋ ሄደችና «ጣሳውን ገልብጡልኝ» አለች። ጓድ ቦሩ ግራ ገብቶት ገለበጠላት። ስድስት ቀይና አንድ ነጭ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ነጯን አንስታ ጨብጣ ወጣች። ገብረአምላክ ተከትሏት ሄደ። እኔ መጨረሱ ግዴታዬ መስሎኝ ቀረሁ።

ከሃያ አንዱ ወረቀት የወጣው ዳዳቻ የሚባል ልጅ ነው፤ ከከብት ገበያው ማዶ የሚኖር፣ ዛሬም ዕድል የለኝም ብሎ እንጨት ለቀማ ሄዶ ስብሰባው ላይ እንኳ ያልነበረ። ሲጠሩት ሰው ሁሉ «የማን ልጅ ነው?» ተባባለ። ስወጣ ጠጂቱ በሩ ጋ አገኘችኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። «አሁንም እድላችን አልቀና አለ» አለችኝ፤ ቃል በቃል የጠዋቱን። ዛሬ ግን ዓይኗን እያየሁ «አዎ፣ አልቀናም» ማለት ቻልኩ። ሁለታችንም እናቶች ነን፣ የሁለታችንም ልጆች ሳይሄዱ ቀርተዋል፤ አንድ ላይ እስከ መታጠፊያው ሄድን።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሻንጣው የለም፣ መልሳዋለች። ሰማያዊው ቀሚስ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ገብረአምላክ ፋኖስ እያጸዳ ነበር፤ ስገባ ተነስቶ ውሃ ሰጠኝ፣ ብርጭቆውን እስክጨርስም አጠገቤ ቆመ። ንግሥት ከውስጠኛው ክፍል ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ አጠገብ ነጯን ጠጠር አኖረች።

«ጣሳው ውስጥ ነበረች» አለች።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቀኑን ሙሉ የያዝኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ልጄ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ አላባበለችኝም። ከዚያ ደብተሬን ከፍታ ባዶ ገጽ ላይ ከሰሌዳው በቃሏ የያዘችውን ጻፈች፤ ሃያ አንድ ኤክስ እኩል ይሆናል ሦስት ሲቀነስ ሦስት ኤክስ። እርሳሱን ከገጹ ሳታነሳ ቀና አለች።

«ሦስት ኤክሱ ሲሻገር ምልክቱ ለምንድን ነው የሚለወጠው? ሁልጊዜ ይለወጣል ትይናለሽ። ለምን እንደሆነ ነግረሽን አታውቂም።»

አሥራ አምስት ዓመት። ስንቱን ልጅ እንዲሁ አሻግሬ ይሆን? ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ። «የሚሻገር ነገር የለም» አልኳት። «በቀኝ ሦስት ኤክስ ጎድሏል። ጉድለቱን ለመሙላት ሦስት ኤክስ ትጨምሪያለሽ። በቀኝ ከጨመርሽ ግን በግራም ያንኑ ያህል መጨመር አለብሽ፤ አለበለዚያ እኩል አይሆኑም። በይ ጨምሪ።»

በቀኝ ጨመረች፣ በግራ ጨመረች። በቀኝ ያለውን ጉድለት ሰረዘች፣ ሦስት ብቻ ቀረ። በግራ ሃያ አንድና ሦስትን ደምራ ሃያ አራት ጻፈች። ለሃያ አራት አካፈለች፣ አቃለለች። አንድ ስምንተኛ። መልሱን ከማንም ሳትሰማ ያገኘችው ይመስል ትክ ብላ አየችው።

ገብረአምላክ ፋኖሱን አብርቶ በመካከላችን አስቀመጠው። ንግሥት ገጹን ገለበጠች።

«ሌላ ስጪኝ» አለች።